የማካሮቭ ካዝና ከመያዣው በታች 2 ሚ.ሜ. ወጥቶ ይቀራል፤ 8 ጥይት ሲሞላ ደግሞ አይቆለፍም

ቦሳ አዲስ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ያለሁት ጅማ ነው። ሽጉጡ ለቡና መጋዘን ጥበቃ የተመዘገበ፣ ፈቃዱ የታደሰ ማካሮቭ ነው። ሁለት ካዝና አለው።

አሮጌው ከሽጉጡ ጋር የመጣ፣ ክዳኑ ብረት የሆነ ነው። ሲገባ ከመያዣው ጋር እኩል ይቀመጣል። ችግሩ የመጨረሻው ጥይት ካለቀ በኋላ ተንሸራታቹ ኋላ ላይ ክፍት ሆኖ መቆም ሲገባው አንዳንዴ ይዘጋል።

አዲሱ ለብቻው የተገዛ፣ የታች ክዳኑ ፕላስቲክ የሆነ ነው። ባዶውን ሲገባ ከፊት በኩል ወደ 2 ሚ.ሜ. ክፍተት ይተዋል፤ በመዳፍ ካልተመታ የታችኛው ምላስ አይዘውም። 7 ጥይት ይዞ በግድ ይቆለፋል፤ በ8 ግን ጨርሶ እምቢ ይላል። ከላይ ያለው ጥይትም አልፎ አልፎ አፍንጫውን ዝቅ አድርጎ መግቢያው ላይ ይሰነቀራል።

ጥያቄዬ፦ ፕላስቲኩ ቢሞረድ ይስተካከላል ወይ? ከሆነስ ከየት በኩል? 8 የማይቆለፈው ለምንድን ነው? አሮጌውስ ተንሸራታቹን ለምን አያቆምም? ሂርማታ መርካቶ ያሉ ብረት ሠራተኞች ደግሞ ካዝናውን የሚይዘውን ምላስ ትንሽ ብንሞርደው ይገባልሃል ይላሉ። ልክ ነው?

ሞርሳ፦

ወንድሜ ቦሳ፣ ከመጨረሻው ጥያቄህ ልጀምር፤ ሌላውን ሁሉ ሊያበላሽብህ የሚችለው እሱ ነው። ምላሱን አታስነካ። ማካሮቭ ላይ ካዝናውን ከኋላ ከታች የሚይዘው ምላስ ራሱን የቻለ ዕቃ አይደለም፤ የመዶሻው ዝርግ ሞላ የታችኛው ጫፍ ነው። የዚያው አንድ ብረት ሰፊው ክንፍ መዶሻውን ይገፋል፣ ጠባቡ ክንፍ ምላጩን ከመዶሻው ጋር የሚያገናኘውን ዘንግ ይጫናል፣ ታጥፎ የወጣው ጫፉ ካዝና ይይዛል። ጫፉን ከሞረድከው ለሁለቱም ካዝና ሞረድከው ማለት ነው፤ ዛሬ ደህና የሚቀመጠው አሮጌው መላላት ይጀምራል፣ እሱን ለመመለስ ሞላውን በሙሉ መቀየር ሊኖርብህ ነው። መሞረድ ካለበት የሚሞረደው ርካሹና በቀላሉ የሚተካው ክፍል ነው። እዚህ ያ ክፍል የፕላስቲኩ ክዳን ነው።

ሌላም አለ። ሽጉጡ በአዋጅ 1177/2012 መሠረት በፈቃድ የተያዘ ነውና የትም ብረት ቤት ትተኸው አትሂድ። ሥራ የሚያስፈልገው ካዝናው ላይ ከሆነ ካዝናውን ብቻ፣ ባዶውን ይዘህ ሂድ።

አሁን ወደ ልኩ እንግባ። ካዝና ከታች እኩል መቀመጡ ለዓይን ብቻ አይደለም። ከታች ያለው ከፍታ ከላይ ጥይቱ የሚቆምበትን ከፍታ ይወስናል። ካዝናው ዝቅ ብሎ ከቀረ ተንሸራታቹ ወደ ፊት ሲመለስ የጥይቱን መቀመጫ (የኋላ ፊቱን) በጫፉ ብቻ ይነካል፤ ወይ ከላዩ አልፎት ባዶ ይዘጋል፣ ወይ ጥይቱን አፍንጫውን ደፍቶ ይገፋዋል። ካዝናው ከልክ በላይ ወደ ላይ ከገባ ደግሞ ተንሸራታቹ የካዝናውን ከንፈሮች (ጥይቱን ከላይ የሚይዙትን ሁለት ጠርዞች) እየፈገፈገ ይሄዳል፤ ከንፈሮቹ ላይ የሚያብረቀርቅ አዲስ ጭረት ካየህ ምክንያቱ ይህ ነው። ስለዚህ የ2 ሚ.ሜ. ክፍተቱና የተሰነቀረው ጥይት አንድ ችግር ሊሆኑ ይችላሉ። ግን በግምት አንሞርድ፤ መጀመሪያ ለያይተን እንፈትሽ።

ከመፈተሽህ በፊት ካዝናውን አውጣ፣ ተንሸራታቹን ስበህ መጉረሻው (ጥይቱ የሚገባበት የበርሜሉ ጀርባ) ባዶ መሆኑን በዓይንም በጣትም አረጋግጥ፣ እውነተኛ ጥይት በሙሉ ከምትሠራበት ክፍል ይውጣ። ሙከራው ሁሉ በማለማመጃ፣ ባሩድና ፈንጂ በሌለው ጥይት ነው።

ፈተና አንድ፦ አዲሱን ካዝና ፍታው። ገፊውን (ጥይቶቹን ከሥር ወደ ላይ የሚያነሳውን ክፍል) በአውራ ጣት ወደ ታች ተጭነህ ያዝ፣ የሞላውን የታችኛውን የታጠፈ ጫፍ ከክዳኑ መንጠቆ ላይ ገፋ አድርገው፣ ክዳኑን አንሸራተህ አውጣ። ክዳኑ ሲወጣ ሞላው ይወረወራልና መዳፍህን ከታች አድርግ። ሞላውን ከማውጣትህ በፊት የትኛው ጫፉ ወደ ፊት እንደሚያይ በስልክ ፎቶ አንሳ። ከዚያ ባዶውን የካዝናውን ቆርቆሮ ብቻ፣ ያለ ክዳን፣ ወደ መያዣው አስገባው። ያለምንም ግፊት እስከ ላይ ይሄዳል?

ፈተና ሁለት፦ ገፊውን ብቻ፣ ያለ ሞላ፣ ቆርቆሮው ውስጥ ክተትና ካዝናውን ገልብጥ፣ መልሰህ አቅና። ገፊው በራሱ ክብደት ወዲያ ወዲህ መውደቅ አለበት። የሚይዘው ቦታ ካለ እዚያ ጉድጉድ ወይም ሻካራ ጠርዝ አለ።

ፈተና ሦስት፦ ገጣጥመህ 8 ማለማመጃ ሙላና የላይኛውን በአውራ ጣት ወደ ታች ተጫን። ትንሽ መውረድ መቻል አለበት። ድንጋይ ከሆነ ውስጡ ቦታ አልቋል ማለት ነው። ይህን ካዝና ተንሸራታቹ ኋላ ተይዞ እያለ አስገባው፤ በኋላ ተንሸራታቹ ተዘግቶ እያለ ሞክረው። ክፍት ሆኖ ገብቶ ዝግ ሆኖ እምቢ ካለ ችግሩ ክዳኑ አይደለም። የተዘጋ ተንሸራታች የላይኛውን ጥይት ወደ ታች ይገፋዋል፤ ጥይቱ የሚወርድበት ቦታ ካጣ ካዝናው ወደ ላይ አይወጣም።

ፈተና አራት፦ የሁለቱን ካዝናዎች ሞላ አለዋውጥና ፈተና ሦስትን ድገም።

ውጤቱን ጻፍልን።

ጅሬን፦

ኦቦ ሞርሳ ያሉት ትክክል ነው። ማለማመጃ ጥይት ለማግኘት ለሚቸገር የምጨምረው አለኝ፤ ቶርኖ ያለው ሰው ከነሐስ ወይም ከናይለን ሊያወጣው ይችላል። የ9×18 ቀለህ ርዝመቱ 18.1 ሚ.ሜ.፣ መቀመጫው 9.95 ሚ.ሜ. ነው፤ ጥይቱ በሙሉ 25 ሚ.ሜ. አካባቢ ነው። እርሳሱ 9.27 ሚ.ሜ. ይሆናል። አፍንጫው ክብ መሆን አለበት፤ ሾጣጣ ካደረጉት ፈተናው ይዋሻል፣ ምክንያቱም ሾጣጣው እውነተኛው የሚሰነቀርበት ቦታ ላይ ይንሸራተታል። መቀመጫው ላይ ማውጫው ጥፍር (ቀለሁን ከመጉረሻው የሚስበው) የሚይዝበት ቦይ ይቆረጥ። ቀለሙ ከእውነተኛ ጥይት ጋር የማይምታታ ይሁን። እንጨት አይሠራም፤ በክረምቱ እርጥበት ያብጥና መጉረሻው ውስጥ ይቀረቀራል።

ፈተና ሁለት ላይ ገፊው ከያዘ፣ ቆርቆሮው ወደ ውስጥ የገባበትን ቦታ ከውጭ በመዶሻ አትምቱ። ከወይራ እንጨት የካዝናውን የውስጥ ቅርጽ የያዘ መደገፊያ ይቀረጽ፤ ስፋቱን ደህናው ካዝና ውስጥ በካሊብሮ ለኩና ትንሽ አሳንሱት፣ ጠርዞቹን ክብ አድርጉ። መደገፊያው ወደ ውስጥ ሲነዳ ጉድጉዱን ራሱ ይገፋዋል። ካዝናው በተቃራኒው ጎኑ ካበጠ፣ መደገፊያው ውስጥ እያለ በሁለት ጣውላ መሃል አድርጋችሁ በሞርሳ (በማሰሪያው መሣሪያ) ቀስ ብላችሁ ጭመቁት። መደገፊያ ሳይኖር መጭመቅ የማካሮቭን ካዝና በቀላሉ ያጣምመዋል፤ ጎንና ጎኑ ጥይት ለመቁጠር ሰፊ መስኮት የተከፈተበት ስለሆነ ግድግዳው ደካማ ነው።

የመስኮቶቹን ጠርዝ በጣት ዳስሱ። አዳዲስ ካዝናዎች ላይ ከመቁረጫው የቀረ ሻካራ ጠርዝ ብዙ ጊዜ ገፊውን የሚይዘው እዚያ ነው። 600 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት በቀጭን ጣውላ ላይ ጠቅልላችሁ ጠርዙን ብቻ አሹ፣ ከዚያ በ1000 ጨርሱ።

አዌቱ ማዶ፦

ለተሰነቀረው ጥይት መፍትሔው ከንፈሮቹን በፒንሳ ትንሽ ከፈት ማድረግ ነው። ጥይቱ ቶሎ ይለቀቅና አፍንጫው ቀና ይላል። ክፍተቱን ደግሞ ከመሞረድ ከክዳኑ ላይ ቀጭን ቆዳ በኢፖክሲ ቢለጠፍ ይሸፈናል፤ ከታችም ለእጅ ይመቻል።

ሞርሳ፦

አዌቱ፣ ከሁለቱም ጋር አልስማማም። ምክንያቴን ልናገር።

ከንፈር ማጠፍ የመጨረሻው አማራጭ ነው። ከንፈሮቹ የተጠነከረ ብረት ናቸው፤ በፒንሳ ሲታጠፉ መጀመሪያ ይመለሳሉ፣ ስለዚህ ሰው ይጨምራል፣ ከዚያ ከልክ አልፈው ይቀራሉ ወይም ከኋላ ማዕዘናቸው ላይ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ያወጣሉ። ስንጥቅ ያወጣ ከንፈር አይበየድም፤ ካዝናው ይጣላል። ከንፈሩ ከልክ በላይ ሲከፈት ጥይቱ ተንሸራታቹ ሳይገፋው ወደ ላይ ይዘልና መቀመጫው ከማውጫው ጥፍር ፊት ይቆማል። ያኔ የሚመጣው መሰንቀር አሁን ካለው የባሰ ነው። ማጠፍ የሚገባው በካሊብሮ ከደህናው ካዝና ጋር ሲወዳደር ልዩነት ከተገኘ ብቻ ነው፤ ከፊት፣ ከመሃልና ከኋላ፣ በሦስት ቦታ ይለካል፣ ግራና ቀኙ ከመሃል እኩል መራቃቸውም ይታያል። የቦሳ አዲስ ካዝና ገና አልተለካም። ዝቅ ብሎ የተቀመጠ ካዝና አፍንጫ የደፋ ጥይት ይሰጣልና መጀመሪያ ከፍታው ይስተካከል።

ቆዳው ደግሞ ክፍተቱን ከዓይን ይደብቃል እንጂ ካዝናውን አያነሳውም። ከክዳኑ በላይ ከለጠፍከው ጭራሽ ወደ ታች ይገፋዋል። በጅማ እርጥበት ቆዳ ውኃ ይዞ ከብረቱ ጋር ይቀመጣል፤ ከሥሩ ዝገት ይጀምራል።

አዌቱ ማዶ፦

የቆዳውን ተቀብያለሁ። ከንፈሩ ላይ ግን ልኬቱ ከታወቀ በኋላ ልዩነት ቢገኝስ በምን ይታጠፋል?

ጅሬን፦

በፒንሳ ጥርስ አይደለም። ከላይ የተናገርኩት የወይራ መደገፊያ ውስጥ ይግባና ከንፈሩ ከሥሩ ይደገፍ። ለማጥበብ፣ ጠፍጣፋ የነሐስ ቁራጭ ከንፈሩ ላይ አስቀምጦ በቀላል መዶሻ መንካት ነው፤ ሙሉ ርዝመቱ ባንዴ እንዲንቀሳቀስ ነሐሱ ከከንፈሩ ይርዘም። ለመክፈት፣ ከደህናው ካዝና ልክ ጋር እኩል የሆነ ለስላሳ ዘንግ ከፊት ወደ ኋላ መግፋት ይሻላል፤ ሁለቱን እኩል ይከፍታል። ከእያንዳንዱ ንክኪ በኋላ መለካት ነው። አንዱን ጎን ብቻ ያጠፈ ሰው ጥይቱ ወደ ጎን እያየ ይወጣበታል።

ቦሳ አዲስ፦

አመሰግናለሁ። የተባለውን ሁሉ አደረግሁ። ውጤቱ ይኸው።

አንድ፦ ያለ ክዳን ቆርቆሮው ያለ ግፊት እስከ ላይ ይገባል። ክዳኑ ሲገጠም ብቻ ነው ከፊት የሚቀረው። ሁለት፦ ገፊው በነፃ ይወድቃል። ሦስት፦ 8 ሲሞላ የላይኛው ጥይት ምንም አይወርድም። ተንሸራታቹ ክፍት ሲሆን በመዳፍ ምት ይቆለፋል፣ ዝግ ሲሆን አይቆለፍም። አራት፦ የአሮጌው ሞላ አዲሱ ውስጥ ሲገባ 8 ይሞላል፣ የላይኛውም ይወርዳል። የአዲሱ ሞላ ሽቦ በካሊብሮ ሲለካ ከአሮጌው ይወፍራል። የከንፈሮቹ ክፍተት በሦስቱም ቦታ ከአሮጌው ጋር አንድ ነው። ሞላው ላይ አንድ ጥምዝ ብቆርጥስ?

ሞርሳ፦

በጣም ጥሩ አድርገህ ፈትሸሃል። እንግዲህ ሁለት የተለያዩ ችግሮች ናቸው፤ ክዳኑና ሞላው።

ክዳኑ፦ የማካሮቭ ክዳን ከፊት በኩል ለትንሹ ጣት መደገፊያ የሚሆን ምላስ አለው። ፕላስቲክ ክዳኖች ላይ ይህ ምላስ ወፍራም ይሆንና ውስጠኛው ፊቱ ካዝናው ገና ሳይደርስ የመያዣውን የፊት ጠርዝ ይነካል። ክፍተቱ ከፊት ብቻ መሆኑ ወደዚያ ይጠቁማል። ለማረጋገጥ የክዳኑን የላይኛውን ፊትና የምላሱን ውስጠኛ ፊት በጥቁር ማርከር ቀባ፣ አድርቅ፣ አስገባ፣ በመጠኑ ገፋ አድርግ፣ አውጣ። ቀለሙ የተፋቀበት ቦታ ነው የሚሞረደው፤ ሌላ አትንካ።

ሞረዱ ለስላሳ ጠፍጣፋ ይሁን፤ ሸካራ ሞረድ ፕላስቲክን ይቦጭቃል። ክዳኑን በሞርሳ በቀጥታ አትሰር፤ በሁለት ጣውላ መሃል ያዝ። በአንድ አቅጣጫ ጥቂት ጊዜ ሙረድ፣ እንደገና ቀባ፣ እንደገና ሞክር። መጀመሪያ አንድ ነጥብ ብቻ ይፋቃል፤ እየሄድክ ስትሄድ የተፋቀው ቦታ ይሰፋል። ሰፊ ሆኖ እኩል ሲፋቅና ካዝናውን የሚይዘው የሽጉጡ ምላስ ያለ ምት ጠቅ ብሎ ሲይዝ አቁም። ከዚያ በኋላ የሚሞረድ የለም። ካዝናው በጣት ሲነካ በመጠኑ ቢንቀሳቀስ ጤነኛ ነው፤ ፍጹም ሳይላወስ እንዲገጥም ከሞረድክ ትንሽ ቆሻሻ ሲገባ መልሶ እምቢ ይላል። ክዳኑ በቆርቆሮው ሁለት ጎን ላይ የሚንሸራተትባቸውን ቦዮች በፍጹም አትንካ፤ እነሱ ከቀጠኑ በሞላው ግፊት ክዳኑ ተፈናጥሮ 8ቱም ጥይት መሬት ላይ ነው።

ከኋላ በኩል የሽጉጡ ምላስ የሚይዝበት ጠርዝ ሹልና ቀጥ ያለ ይቅር። እሱን ክብ ካደረግከው ካዝናው ሲተኮስ በንዝረት ይለቀቃል።

ሞላው፦ አትቁረጥ። የማካሮቭ ካዝና ሞላ ሁለቱም ጫፎቹ ሥራ አላቸው። የላይኛው ጫፍ ገፊው ላይ ይገጥማል፣ የታችኛው ታጥፎ ክዳኑን ይቆልፋል። ከየትኛውም ጫፍ ከቆረጥክ ያንን ቅርጽ አጣህ፤ በፒንሳ ያጠፍከው አዲስ ጫፍ እንደ ፋብሪካው አይሆንም፣ ክዳኑ አንድ ቀን ይንሸራተታል። ደግሞ የሚጎዳህ የሽቦው ውፍረት ነው፤ አንድ ጥምዝ ሲቀነስ 8ኛው ጥይት ቦታ ሊያገኝ ይችላል፣ ነገር ግን የመጨረሻዎቹ ሁለት ጥይቶች የሚገፋቸው ኃይል ይቀንሳል። ትክክለኛ የማካሮቭ ሞላ ተካበት። እስኪገኝ በ7 ሙላው፤ በ7 የሚቆለፍ ካዝና በ8 ከሚንጠለጠል ካዝና ይበልጣል። ስትገዛ የ12 ጥይቱ የማካሮቭ ዓይነት ሞላ እንዳይሰጡህ፤ የእሱ ካዝና በሁለት ረድፍ ስለሚሞላ ከአንተው ጋር አይሄድም።

አሮጌው፦ ባዶውን አስገብተህ ተንሸራታቹን ቀስ ብለህ እስከ መጨረሻው ሳብና ልቀቅ። ከቆመ፣ ቀጥሎ በኃይል ስበህ ልቀቅ። በቀስታ ቆሞ በፍጥነት የማይቆም ከሆነ ሞላው ደክሟል፤ ገፊው ማገጃውን (ተንሸራታቹን ኋላ ላይ የሚያቆመውን) ለማንሳት አይደርስም። በቀስታም ካልቆመ የገፊውን የግራ ጥርስ ተመልከት፤ ማገጃውን የሚያነሳው እሱ ነው። ጫፉ ከተከበበ ገፊው ይቀየራል። ያንን ጥርስ በብርጭቆ ወረቀት አታለስልስ፤ የሚሠራው በሹል ጠርዙ ነው።

የደከመ ሞላን በእጅ ጎትቶ ማርዘም ብዙ ሰው ያደርገዋል። ለጥቂት ጊዜ ይረዝማል፣ ከዚያ ተመልሶ ይተኛል፣ ጥምዞቹም እኩል ስለማይጎተቱ ገፊው ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል።

አዌቱ ማዶ፦

ለሌላ አንባቢ፦ ይህ አካሄድ ለቶካሬቭና ለብራውኒንግስ ይሠራል?

ጅሬን፦

ክዳኑን በቀለም ማየትና ሞላ ማለዋወጥ ለሁሉም ይሠራል። ልዩነቱ ከላይ ነው። ቶካሬቭ ላይ ጥይቱን የሚመራው ከንፈር በከፊል በሽጉጡ ውስጥ፣ በመዶሻው ክፍል ላይ ተቀርጿል፤ ስለዚህ ካዝናው ትንሽ ቢጣመምም ብዙ ጊዜ ያጎርሳል። እዚያ ችግር ሲመጣ ካዝናውን ብቻ አትውቀሱ።

ብራውኒንግ ሃይ ፓወር ላይ ደግሞ ካዝና ሲወጣ ምላጩ እንዳይሠራ የሚያደርግ መከላከያ አለ፤ ከምላጩ ጋር የተያያዘ ትንሽ ዘንግ የካዝናውን የፊት ግድግዳ ይጫናል። ካዝናው ቁልፉ ሲጫን ወድቆ የማይወጣው በዚህ ግፊት ነው። የፊት ግድግዳውን ዘንጉ በሚነካበት መስመር ላይ በ1000 ቁጥር አሽቶ ማለስለስ ይረዳል። ጎኖቹን ማቅጠን አያስፈልግም፣ መከላከያውንም አታውልቁ።

ማካሮቭ ላይ ግን ካዝናው በራሱ ይውደቅ ብላችሁ አትድከሙ። ምላሱን በአንድ እጅ ወደ ኋላ ይዛችሁ በሌላው እንድትጎትቱት ነው የተሠራው።

ቦሳ አዲስ፦

ክዳኑ የተፋቀው ልክ የራሱ ምላስ ውስጠኛ ፊት ላይ ነው። በቀስታ እየሞረድኩ አስተካክያለሁ፤ አሁን ያለ ምት ይይዛል፣ አፍንጫ የሚደፋውም ማለማመጃ ቀርቷል። አሮጌው በቀስታ ይቆማል፣ በፍጥነት አይቆምም። ሁለት ሞላ አዝዣለሁ። ውስጡን ዘይት ልቀባው?

ሞርሳ፦

ውስጡን አታርጥበው። ዘይት አቧራና የቡና ገለባ ይይዝና ገፊውን ያስራል፤ ወደ ጥይቱ መቀመጫ ከሰረገም ፈንጂውን ሊያደክመው ይችላል። ቆርቆሮውን በነጭ ጋዝ እጠበው፣ ሙሉ በሙሉ አድርቀው፣ ዘይት የነካ ጨርቅ አሳልፍበት፣ ከዚያ በደረቅ ጨርቅ መልሰህ ጥረገው። ብረቱ ላይ የሚቀረው ለዝገት ይበቃል። ከሰኔ እስከ መስከረም ይህን በየሁለት ሳምንቱ ድገም፤ ሽጉጡ በቆዳ ማህደር ውስጥ የሚያድር ከሆነ በየሳምንቱ። ሞላው ሲመጣ ከመግጠምህ በፊት በመጀመሪያ ያነሳኸውን ፎቶ ተመልከት፤ ተገልብጦ ከገባ ገፊው ከፊት ይደፋና ያው የተሰነቀረ ጥይት ይመለሳል።